የቬርኔታ ጩኸት

ቬርኔታ ያቺን ወሬ ለስድስተኛ ጊዜ የሰማቻት ቅዳሜ ጠዋት ነው። እሷ ወጥ ቤት ቆማ ለነገ የሚቀቀለውን ባቄላ ትለቅማለች፣ ባሏ ኦዜል ከበሩ ወዲያ ጋራዥ ውስጥ ሆኖ ከወዳጁ ከቶሊቨር ጋር በስልክ ያወራል። ኦዜል ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞተር ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ ጆሮው ስለደከመ ስልኩን ሁልጊዜ በድምፅ ማጉያ ነው የሚያናግረው። ስለዚህ እዚያ ቤት ምስጢር የሚባል ነገር የለም፤ ሚስቱ ያልሰማችውን እኛ ጎረቤቶች አጥር ተደግፈን እንሰማዋለን። "ነገ አንተ ትነዳልኛለህ" ይላል ኦዜል። "የዓይን ሞራዬን ከገፈፉኝ ሳምንቴ ነው፤ ሐኪሙ አንድ ሳምንት ደግሞ መሪ እንዳትነካ ብሎኛል።" ቶሊቨር እሺ ብሎ የራሱን መኪና የእህቱ ልጅ እንደሚነዳለት ነገረውና "ግን ቬርኔታ አለች አይደል እንዴ?" አለ። "ቬርኔታ?" አለ ኦዜል። "ጆሮዬ ሥር ጮሃ ቦይ የከተተችኝ ሴትዮ? ጎማው ደህና፣ መንገዱ ደህና፣ እኔ ደህና። እሷ ጮኸች፣ ደነገጥኩ፣ በቃ ቦይ ገባን!" ቶሊቨር ከት ብሎ ሳቀ። ኦዜልም አብሮት ሳቀ። ቬርኔታ በመዳፏ የያዘችውን ባቄላ ከነጠጠሩ ድስቱ ውስጥ ለቀቀችውና እንደገና መልቀም ጀመረች።

የሆነውን እኛም እናውቀዋለን። ባለፈው ጥቅምት ባልና ሚስቱ ከቬርኔታ እህት ከኤርሊን ቤት ሲመለሱ ካፊያ ጥሎ ነበር፣ አስፋልቱ ላይ ቅጠል ተነጥፏል። የኦዜል መኪና የሰማንያ ሰባት ሥሪት፣ ጥቁር፣ ባለሁለት በር ናት። ላያት ሰው የጡረተኛ መኪና ትመስላለች፤ ኮፈኗ ሥር ግን ኦዜል በገዛ እጁ ፈታቶ የገጠመው ሰባት መቶ የፈረስ ጉልበት አለ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ነዳጅ ረገጠ፤ የኋላ ጎማዎቹ መሬት መቆንጠጥ አቅቷቸው ባሉበት ተሽከረከሩ፤ መኪናዋ ጭራዋን ወደ ግራ ጥላ አንድ የፖስታ ሳጥን ገጨችና ቦይ ገባች። ማንም አልተጎዳም። የፖስታ ሳጥኑንም ኦዜል በማግስቱ አዲስ ገዝቶ ተከለ። ቦይ ውስጥ የቀረው የቬርኔታ ስም ብቻ ነው።

ምክንያቱም ቬርኔታ አልጮኸችም። የተናገረችው አንድ ቃል ነው፣ እሱም "እግር!" የሚል ነው። ይቺ ሴት ሃያ ስምንት ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድታለች፤ ጉልበት በሚደርስ በረዶ፣ መስተዋት በመሰለ መንገድ ላይ ስልሳ የሰው ልጅ ጭና ተመላልሳለች፣ አንድ ቀን ቦይ ገብታ አታውቅም። የመጨረሻዎቹን አሥር ዓመታት ደግሞ አዳዲስ ሾፌሮች ስታሠለጥን፣ አውቶቡሱ መንሸራተት ሲጀምር ከጎናቸው ቆማ የምትላቸው ይህንኑ ነበር። "እግር!" ማለት እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሳ፣ ፍሬን አትንካ፣ መሪህን ቀጥ አድርገህ ያዝ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ለመናገር ጊዜ ስለማይገኝ በአንድ ቃል አሳጠረችው። ኦዜል ቃሉን ያውቀዋል፤ ያን ዕለትም ሰምቶ እግሩን አነሳ። ባያነሳ ኖሮ ቦዩን ዘለው ከቦዩ ማዶ ካለው ወፍራም ዛፍ ጋር ነበር የሚገናኙት። በማግስቱ ግን ለቶሊቨር ሲያወራ "ጮኸችብኝ" አለ፣ ቶሊቨር ለፀጉር አስተካካዩ፣ ፀጉር አስተካካዩ ለአገሩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመዘምራኑ መሪ "እህት ቬርኔታ፣ ቀጭን ድምፅ ጎድሎብናል፣ ነይና እርጂን" ብሎ ሰው አሳቀባት። እሷም አብራ ፈገግ አለች። ባሏን ሰው ፊት ማረም አትወድም፤ እሱ ራሱ ያርመው ብላ ጠበቀች። ኅዳርን ጠበቀች፣ በረዶው መጣ፣ በረዶው ሄደ፣ አሁን ሚያዝያ ሊያልቅ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ እዚያች መኪና ውስጥ አልገባችም።

ነገ ደግሞ እሑድ ነው፣ የመኪና ክለቡ የዓመቱ የመጀመሪያ ሽርሽር። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ የሰፈራችን የድሮ መኪና ሁሉ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ተሰልፎ ሐይቁ ድረስ ይሄዳል። ቬርኔታ አርባ አራት ዓመት ከኦዜል ጎን፣ ጋቢና ተቀምጣ፣ ጭኗ ላይ የኬክ ሣህን ይዛ ሄዳለች፤ መኪናው ይቀያየራል እንጂ ቦታዋ ተቀይሮ አያውቅም። ዘንድሮ "እኔ ከኤርሊን ጋር በእሷ መኪና እመጣለሁ" አለችው። እሱም "እንደፈለግሽ" አለ። ከዚህ በላይ የተባለ ነገር የለም፣ ሁለቱም ግን ከዚያ ወዲህ ምግብ ሲቀርብ ጨው አቀብለኝ፣ አቀብዪኝ ብቻ እየተባባሉ ነው የሚኖሩት።

ቶሊቨር ስልኩን ሲዘጋ ኦዜል ብቅ አለና "ሃስኬል ጋ አትወስጂኝም?" አላት። ሃስኬል ጎሚስታው ነው። ለመኪናዋ የኋላ እግሮች አዲስ ጎማ ያስፈልጋል፤ ክረምቱን አዲስ ቱርቦ ስላስገባላት ሃያ ፈረስ ጨምራለች፣ ያ ሁሉ ጉልበት የሚይዘው ጎማ ካላገኘ ጭስ ብቻ ነው። እንዲህ ብሎ አስረዳት፣ ሳትጠይቀው። ቬርኔታ እጇን ጠረገችና ጎማዎቹን ልታወጣ ወደ እንግዳ መኝታ ክፍል ገባች፤ እሱ ከባድ ነገር ማንሳት ተከልክሏልና።

የእንግዳ መኝታ ቤቱ ነገር ለብቻው የሚወራ ነው። እንዲህ ያለው ለስላሳ ጎማ ውርጭ ከነካው ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ የእኛ አገር የመኪና ሰዎች ክረምት ሲገባ ከነቸርኬው ፈትተው ቤት ያስገቡታል፤ ምድር ቤት ያለው ምድር ቤት፣ የሌለው ቁም ሣጥን ውስጥ። ኦዜል ግን አልጋ ላይ ነው የሚያስተኛው። ነጩ ጽሑፍ ወደ ላይ ሆኖ ሁለቱም ጎን ለጎን፣ የሟች እናቱ ብርድ ልብስ እስከ አንገታቸው ተሸፍነው ይከርማሉ። ማሞቂያውንም ከባልና ሚስቱ ክፍል አብልጦ ይከፍትላቸዋል። ለገና ኤርሊን መጥታ ስታድር ቬርኔታ "እነዚህን ነገሮች አንሳና እህቴ ትተኛ" ብላው ነበር። በመጀመሪያ እሺ ብሎ ገባ። ቆይቶ ወጣና "አይሆንም" አለ፣ ፊቱ ጠቁሮ። የስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት ሦስት ሌሊት ሶፋ ላይ ተጠቅልላ አደረች፣ ጎማዎቹ አልጋ ላይ። ኤርሊን እስከ ዛሬ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው "እነዚያ ሰዎች ደህና ናቸው?" ብላ ነው።

ቬርኔታ ብርድ ልብሱን ገፈፈች፣ አንዱን አቆመችና እያንከባለለች ኮሪደሩን አሳልፋ፣ በሳንቃ እየገፋች ለዕቃ የሚገለገሉበት የጭነት መኪና ላይ ሰቀለችው። ሁለተኛውንም። ኦዜል ከኋላዋ እየተከተለ "ቀስ፣ ግድግዳውን፣ ቀስ" ይላል። በመንገድ ላይ ሬዲዮ አልከፈቱም። ፋብሪካው የነበረበትን ሜዳ ሲያልፉ ኦዜል እንደ ልማዱ ወደዚያ ዞር አለ። አጥሩ አለ፣ በሩ አለ፣ ከበሩ ወዲያ ግን ሣር ብቻ ነው የቀረው።

የሃስኬል ሱቅ ጠባብ ነው። በአንድ በኩል እስከ ጣሪያ የተደረደረ ጎማ፣ በሌላ በኩል ሦስት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ መሐል ላይ ጎማ ማውጫው ማሽን። ሽታው ልብስ ላይ ሁለት ቀን ይቆያል። ሃስኬል አምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አባቱ ፋብሪካው ውስጥ ከኦዜል ጋር አንድ መስመር ላይ የሠሩ ሰው ስለሆኑ ኦዜልን ጋሼ ነው የሚለው። "እትዬ ቬርኔታ፣ አረፍ በይ" ብሎ አንዱን ወንበር በክንዱ ጠረገላት፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ኦዜል አዞረ።

"ጋሽ ኦዜል፣ ስንት ደረሰች አሁን?"

"ሰባት መቶ ሃያ።"

"ሰባት መቶ ሃያ ፈረስ፣ በባዶ እግሩ!" አለና ሦስት ጎማ አንከባሎ አምጥቶ ፊቱ አቆመለት። የመጀመሪያው ሊሾ ሊባል ምንም አልቀረው፣ ሁለት ቀጭን መስመር ብቻ ነው ያለው። ሃስኬል በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫን ሲያደርገው ጥፍሩ ገባ፣ ምልክቱም ቀረ። "ይሄ ደረቅና ሞቅ ያለ አስፋልት ላይ ሙጫ ነው፤ ስትረግጠው ወንበሩ ጀርባህን ነው የሚመታህ። ዝናብ ላይ ግን ሳሙና ነው። ከአንድ በጋም አያልፍም። አንዱ አራት መቶ አሥር ዶላር።" ሦስተኛው ጥርሱ ብዙ ነው፣ ጥፍር አያስገባም። "ይሄ በዝናብም በብርድም አያሳፍርህም፣ አራት ዓመት ያገለግልሃል። ግን ያንን ሁሉ ፈረስ አይዝልህም፤ አንተ ባለህበት ስትሽከረከር ቶሊቨር እጁን እያውለበለበልህ ይሄዳል። ሁለት መቶ ሃምሳ።" የመሐለኛው ለስለስ ያለ ነው፣ ግን ውሃ የሚያወጣበት ሰፋፊ ቦይ ተቀዶለታል። "ይሄ ደግሞ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ። ሦስት መቶ ስልሳ።"

ኦዜል ሊሾውን ከማየት ዓይኑን አልነቀለም። ገና በቅርቡ ሞራው የተገፈፈለት ዓይን ነውና ሁሉ ነገር ያበራለታል። "እሱን" አለ።

"ጠዋት ጠዋት፣ ሲቀዘቅዝስ?" አለች ቬርኔታ ከወንበሯ ላይ።

ሃስኬል መልሱን ለኦዜል መለሰለት። "ከቀዘቀዘማ ጋሼ፣ እስኪሞቅ ድረስ አይይዝህም። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ማይል ቀስ ማለት ነው።" ቬርኔታ ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። ጥያቄዋ ለሌላ ሰው ሲመለስ ከልጅነቷ ጀምሮ የለመደችው ነው፣ ግን ከጎሚስታ አልጠበቀችም።

ሃስኬል አሮጌዎቹን ሊያወጣ የመጀመሪያውን ወደ ማሽኑ ተሸክሞ ሲሄድ ኦዜል ከኋላው "ብዙ አትመርምረው፣ ዝም ብለህ አውጣና ወርውረው" አለ። ቶሎ ብሎ ነው ያለው። ቬርኔታ ቀና ብላ አየችው። ሃስኬል ግን እጁ ለምዶበት ጎማውን ገልብጦ፣ በነጩ ጽሑፍ ጀርባ ያለውን የፋብሪካ ቁጥር በጨርቅ ጠርጎ ነበር። መኪናውን የሚወድ ሰው ነጩን ጽሑፍ ወደ ውጭ አዙሮ ነው የሚያስገጥመው፤ ጎማው የተሠራበት ቀን የሚጻፈው ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ ነውና አንዳንዴ ወደ ውስጥ ይቀራል። "ሃያ አራት፣ አሥራ ሦስት" ብሎ አነበበ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። "የሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ሃያ አራተኛ ሳምንት! ጋሼ፣ ይሄ ጎማ እኮ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው!" ጥፍሩን ጫን አደረገ። ጥፍሩ አልገባም። በመፍቻ ቀጠቀጠው፣ ቀው ቀው አለ። "ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ላየው አዲስ ነው፣ ውስጡ ግን ድንጋይ ሆኗል። በዚህ ላይ ነው ሰባት መቶ ፈረስ የጫንከው? በእርጥብ መንገድ? ቁጥሩን ሳታነብ ጎማ አትግዛ ብለህ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ እንዴ!"

ኦዜል ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን አየ። "ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው የገዛሁት" አለ። "ከነቸርኬው ነበር። ሰውዬው መንገድ አልነካም ብሎኝ..."

"ታድያ እትዬ ቬርኔታ ጮሃ ነው የሚባለውሳ?" ሃስኬል ይህን ሲል ራሱን ሰማና አፉን በጨርቁ ያዘ፤ ጨርቁ ጥቁር ስለነበር ጥቁር ጢም አወጣ።

ቬርኔታ ኦዜልን ጠበቀችው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር፣ እዚያው፣ ሃስኬል ፊት። ኦዜል ኮፍያውን መልሶ ደፋና "ሃስኬል" አለ፣ "ሊሾውን ተወው። ያንን ባለ ብዙ ጥርሱን ስጠኝ። የዝናቡን። ለቬርኔታ ስል።"

ቬርኔታ ተነሳች። "ለእኔ ስትል ምንም ጎማ አትግዛ" አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። ወደ ማሽኑ ሄዳ ሃስኬል ፊት ቆመች፣ አሁን እሷን ከማየት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። "ለእናትህ ብትመርጥ የትኛውን ትገጥምላት ነበር?"

"እናቴማ ሰባት መቶ ፈረስ ውስጥ ምን ታደርጋለች፣ እትዬ?"

"እኔ ነበርኩበታ።" ጎንበስ ብላ የመሐለኛውን በጥፍሯ ተጫነችው፣ ምልክቱ እስኪጠፋ ጠበቀች፣ ከዚያ ጣቷን ውሃ መውጫው ቦይ ውስጥ ከተተች። አውቶቡሷን ዘወትር ጠዋት ስትፈትሽ እንዲህ ነበር የምታደርገው። "ይሄን ግጠም። ደረቅ ሲሆን ይሩጥበት፣ ዝናብ ያገኘው እንደሆነም ቤቱ ያደርሰዋል። በየሽርሽሩ በቶሊቨር እየተቀደመ የሚያኮርፍ ሽማግሌ እኔ ማስታመም አልችልም።" ሃስኬል "እሺ፣ እትዬ" አለ፣ ለእሷው።

ሲጨርስ "አዲስ ላስቲክ ላይ ከፋብሪካ የቀረ ቅባት አለ፣ የመጀመሪያውን ሃያ ማይል በቀስታ" ብሎ ሸኛቸው። አሮጌዎቹን ልጣላቸው ወይ ሲል ቬርኔታ አንዱን እንዲጭንላት አዘዘችው። ቁጥሩ ምስክሯ እንደሆነ ስለገባቸው ለምን ብሎ የጠየቃት የለም።

ፋብሪካው ሜዳ ጋ ሲደርሱ ቀዩ መብራት ያዛቸው። ኦዜል ወደ ሣሩ አልዞረም፣ ጉልበቱን ነው የሚያየው። ቬርኔታ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ከመብራቱ ሳትነቅል ጠየቀችው።

"መቼ ነው ያየኸው?"

"ምኑን?"

"አንተ ሰውዬ!"

ኦዜል "ለገና" አለ። "ለኤርሊን አልጋውን ልለቅላት ጎማውን ሳነሳ። ስገለብጠው ቁጥሩ ዓይኔ ላይ አፈጠጠ።"

"ለምን መልሰህ አስተኛኸው ታድያ?"

"እንዳታዪው።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ የነበረ መኪና ጡሩምባ እስኪነፋ ድረስ ቬርኔታ አልተንቀሳቀሰችም። ያበገናት ጎማው አይደለም፤ የጎማ ስህተት ማንም ይሳሳታል። ጥቅምት ላይ "ጮኸችብኝ" ሲል ደንግጦ፣ አፍሮ፣ አፉ እንደመጣለት ነው ብላ ይቅር ብላው ነበር። ከገና እስከ ዛሬ ጠዋት ግን አራት ወር ሙሉ እያወቀ ነው። እህቷን ሶፋ ላይ ያሳደረው እያወቀ ነው። ዛሬ ጠዋት "ጎማው ደህና" ሲል እያወቀ ነው። ይህን ሁሉ ልትነግረው አስባ ነበር፣ ግን ገና ስትጀምር እንባዋ እንደሚቀድማት ስለገባት ዝም ብላ ነዳች። ቤት ሲደርሱ ብቻ፣ ሞተሩን አጥፍታ፣ "በክፉ መንገድ ላይ ሃያ ስምንት ዓመት ሰው ልጁን አምኖ የሰጠኝ ሴት ነኝ፤ ኦዜል፣ ስሜን መጫወቻ አደረግኸው" አለችውና ወረደች። በሩን በኃይል አልዘጋችውም። በኃይል ብትዘጋው ይሻለው ነበር።

ወጥ ቤት ገብታ ዓሣውን በበቆሎ ዱቄት ለወሰች፣ ጎመኑን ከተፈች፣ ባቄላውን ጣደች። ድስቱ ውስጥ ሁለት ጠጠር አገኘች። ለአንድ ሰው ይሁን ለሁለት እንደምትጠብስ እሷም አላወቀችም፤ እጇ ግን ለሁለት ጠበሰ። ከበሩ ወዲያ ጋራዡ ፀጥ ብሏል። ወንበር ሲጎተት ሰማች፣ ኦዜል ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማች፣ ደግሞ ፀጥታ። ከዚያ ስልክ መጥራት ጀመረ፣ እንደ ወትሮው በድምፅ ማጉያ።

"እሺ ጌታው፣ የትኛውን ገዛህ?" አለ ቶሊቨር። "እመቤቲቱ አልጮኸችብህም?" ሳቀ።

ኦዜል አብሮት አልሳቀም። "ቶሊቨር፣ ዝም ብለህ ስማኝ፣ ከመሐል አታቋርጠኝ፣ ካቋረጥከኝ አልጨርሰውም። ቬርኔታ አልጮኸችም።"

"እንዴት..."

"አታቋርጠኝ አልኩህ! ጎማው የሞተ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ቁጥሩን አላነበብኩም፣ እኔ፣ ኦዜል፣ አላነበብኩም። መኪናዋ አምልጣኝ ነው እሷ የተናገረችው። የተናገረችውም 'እግር' ነው። በዚያ ቃል ነው እግሬን ያነሳሁት። ባትናገር ኖሮ ዛሬ የምታወራው ከእኔ ጋር አይደለም፣ ስለ እኔ ነበር። ቁጥሩንም ለገና አይቼው ደበቅኩህ። ዋሸሁህ። እሷ ላይ ዋሸሁ።" ኦዜል ትንፋሹን ሳበ። "ነገ አንተ አትነዳልኝም። ይሄን ሁሉ ደግሞ ነገ ከሽርሽሩ በፊት እዚያው ሁሉም ባለበት ራሴ እናገራለሁ። አንተ ለፀጉር አስተካካዩ ዛሬውኑ ንገረው፣ እሱ ፈጣን ነው።"

ቶሊቨር "ማነው ታድያ የሚነዳልህ?" አለ።

"እኔ እንጃ" አለ ኦዜል። "አልጠየቅኋትም። ለመጠየቅ ፊት የለኝም።"

ቬርኔታ ዓሣውን ከእሳት አወረደች። ሽርጧን ፈታች። ዓይኗን በሽርጡ ጫፍ ጠረገችና በሩን ከፍታ ወጣች። ኦዜል የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ አገኘችው፤ ያረጀ መሰላት፣ ወደደችውም፣ ደግሞም አልማረችውም፣ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ። "ክሪኩ የት ነው?" አለችው። ጠቆማት። የመኪናዋን ኋላ አነሳች፣ ጎማዎቹን ገጠመች፣ እሱ ብሎን እያቀበላት። አንዷን ብሎን አሳልፋ ተቃራኒዋን ስታጠብቅ "በመስቀል ነው የሚጠብቀው" አላት፣ "አውቃለሁ" አለችው። ክሪኩን አውርዳ እጇን ዘረጋች። "ቁልፉን።"

እኛ አጥር ላይ የነበርን ሰዎች አየን፤ ኦዜል በዚያች መኪና ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀኝ በኩል ዞሮ ጋቢና ገባ። ቀበቶውን ሲፈልግ ጊዜ ወሰደበት። ቬርኔታ ወንበሩን ወደፊት ሳበች፣ መስተዋቱን አስተካከለች፣ እንደ አውቶቡሷ ግራ ቀኝ አይታ ወጣች። ሃያውን ማይል በቀስታ ነዳች። በየመስቀለኛው ቆመች፣ አሮጊቶች አሳለፈች፣ ብስክሌት ቀደማት። ኦዜል መንገዱን ሳይሆን እጆቿን ነበር የሚያየው። ቬርኔታ ሃያ ማይሉ ሲሞላ ፋብሪካው ሜዳ ጎን ያለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ደርሳ ቆመች። ፀሐይ ነበር፣ አስፋልቱ ደረቅና ሞቃት ነው፣ ከአጥር እስከ አጥር ሰው የለም።

"ቬርኒ" አለ ኦዜል። ከገና ጀምሮ እንደዚያ ጠርቷት አያውቅም። "ይቅር በይኝ።"

"እያሰብኩበት ነው" አለችና ነዳጁን ረገጠች።

ጎማው አልተሽከረከረም። ቆንጥጦ ያዘ። ሰባት መቶ ሃያው ፈረስ አንድ ላይ መሬት ረገጠና መኪናዋ ወደፊት ተወረወረች፤ ሣሩ፣ አጥሩ፣ የፋብሪካው በር በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሄዱ። ያኔ ኦዜል ጮኸ። ቃል አልነበረውም። መጀመሪያም መጨረሻም የሌለው፣ ቀጭን፣ የመዘምራኑ መሪ ቢሰማው የሚቀጥረው ዓይነት ጩኸት ነበር፤ መሪው ግን በቬርኔታ እጅ ውስጥ ንቅንቅ አላለም። የመንገዱ ጫፍ ሲቀርብ እግሯን አነሳች፣ መኪናዋ ፍጥነቷን በቀስታ ቀንሳ ከአንድ የፖስታ ሳጥን አጠገብ በሥነ ሥርዓት ቆመች። ከዚያ ቬርኔታ መሳቅ ጀመረች፣ ከጥቅምት ጀምሮ የተጠራቀመ ሳቅ ነበር፣ ግንባሯን መሪው ላይ እስክታሳርፍ ድረስ ሳቀች፤ ኦዜልም ደረቱን ይዞ ቀስ በቀስ ተከተላት።

"ነገ ኤርሊን ብቻዋን ትምጣ" አለች ዓይኗን እየጠረገች። "የኬኩን ሣህን አንተ ትይዛለህ።"

"እይዛለሁ። ግን ቬርኒ፣ ይሄን የአሁኑን ለቶሊቨር አትነግሪውም፣ አይደል?"

"እኔማ ምን አገባኝ" አለች ቬርኔታ። "አንተ ነህ የምትነግረው። በድምፅ ማጉያ።"

ኦዜል ስልኩን ከኪሱ አወጣ።